ከጡት ካንሰር ሕክምና ጋር አብሮ የሚሄድ የሰውነት እንቅስቃሴ፦ ደረጃ በደረጃ

የጡት ካንሰር ሕክምና የጀመረች ሴት ከጠያቂዎቿ ደጋግማ የምትሰማው ምክር «አይዞሽ፣ እረፊ» የሚል ነው። ምክሩ ከፍቅር ይመጣል፤ ትክክል የሚሆነው ግን በከፊል ብቻ ነው። ቀዶ ሕክምናው እንዳለቀ ያሉት ቀናትና ትኩሳት የያዘበት ቀን በእርግጥ የዕረፍት ናቸው። የቀረው ጊዜ ግን ሌላ ነው። ካንሰሩና ሕክምናው የሚያመጡት ድካም ተኝተው የሚያወጡት ዓይነት አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ተኝተው ጠዋት ሲነሡ አብሮ ይነሣል። ሰው በተኛ ቁጥር ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ጡንቻ ሲሟሽሽ ደረጃ መውጣቱም ገላ መታጠቡም ያደክማል፤ የደከመ ደግሞ ተመልሶ ይተኛል። ከዚህ አዙሪት የሚያወጣው በልክ የተጀመረ እንቅስቃሴ ነው።

በ2019 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ከሌሎች ተቋማት ጋር ሆኖ ያወጣው ምክር ልኩን በቁጥር አስቀምጦታል። በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱ 30 ደቂቃ ያህል መካከለኛ ኃይል የሚጠይቅ እንቅስቃሴ፣ ከተቻለም በሳምንት 2 ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ፣ ይህም ቢያንስ ከ8 እስከ 12 ሳምንት። በዚህ መጠን የሠሩ ሕሙማን ድካማቸው፣ ጭንቀታቸውና ድባቴያቸው ይቀንሳል፤ የዕለት ተግባራቸውን የማከናወን አቅማቸው ይሻሻላል። በ2022 የአሜሪካ የክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበርም ለመዳን ሲባል በሚሰጥ ሕክምና ላይ ያሉ ሰዎች እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ሐኪሞች እንዲመክሩ አሳስቧል። 30 ደቂቃውና 3 ቀኑ ግን መድረሻ እንጂ መነሻ አይደሉም። ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡት መድረሻውን የመጀመሪያ ቀን ሥራቸው ስለሚያደርጉት ነው።

እንቅስቃሴ መድኃኒቱንም፣ ቀዶ ሕክምናውንም፣ ጨረሩንም አይተካም። አብሮ የሚሄድ ነው። የጡት ካንሰር ከያዛቸው ሰዎች መካከል ከመቶ አንድ ያህሉ ወንዶች ናቸው፤ ከዚህ በታች ያለው ለእነርሱም ይሠራል።

1. ለሐኪም የሚቀርቡ ጥያቄዎች

«ስፖርት መሥራት እችላለሁ?» ብለው የጠየቁ እንደሆነ «ይችላሉ፣ ግን ራስዎን አያድክሙ» የሚል መልስ ያገኛሉ። ቤት ገብተው ሲያስቡት ምኑም አይጨበጥም። ጥያቄውን አጥብበው ይግቡ፦

- ከብብቴ ምን ያህል ንፍፊት (የሊምፍ ዕጢ) ወጥቷል? ብብቴስ ጨረር ያገኘዋል? ብዙ ንፍፊት ከወጣና ጨረር ከተጨመረበት ክንድ የማበጥ ዕድሉ ከፍ ይላል።
- ከምወስዳቸው መድኃኒቶች ልብን የሚነካ አለ? ዶክሶሩቢሲንና ትራስቱዙማብ የልብን ጉልበት ሊቀንሱ ስለሚችሉ የልብ ምርመራ ውጤትዎን ማወቅ ይጠቅማል።
- አጥንቴ ሳስቷል? ካንሰሩ አጥንት ላይ ደርሷል?
- ክንዴን ከትከሻ በላይ የማነሣው ከመቼ ጀምሮ ነው? ክብደትስ?

የመጨረሻው ጥያቄ መልስ እንደ ቀዶ ሕክምናው ዓይነት ይለያያል። በተለይ ጡት መልሶ የመሥራት ቀዶ ሕክምና ከተደረገ የቀዶ ሐኪምዎ ቃል ከዚህ መመሪያ ይበልጣል።

የማይሠራባቸውን ቀናትም አስቀድመው ይወቁ። የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ ከበረታ፣ ከተቀመጡበት ሲነሡ ዓይን ጭልም ካለ እንቅስቃሴው ይቅር። በኬሞቴራፒ ላይ ሆኖ ትኩሳት ሲመጣ እንቅስቃሴውን መተው ብቻ አይበቃም፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሕክምና ቦታው መደወል ወይም መሄድ ያስፈልጋል። የደረት ሕመም፣ ባልተለመደ ሁኔታ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር ድንገተኛ እብጠትና ሕመምም እንዲሁ ናቸው። ካንሰርም ሆነ እንደ ታሞክሲፈን ያሉ መድኃኒቶች ደም የመርጋት ዕድልን ስለሚጨምሩ ያበጠ እግርን «በእግር ጉዞ ላፍታታው» ማለት አደገኛ ነው።

2. መነሻን ለክቶ መጻፍ

አንድ ደብተር፣ አንድ የልብስ ሰፊ ሜትርና አንድ ሰዓት ይበቃሉ።

መጀመሪያ ሁለቱንም ክንዶች ይለኩ፤ ከተቻለ ከቀዶ ሕክምናው በፊት። አንጓ ላይ፣ ከክርን 10 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ፣ ከክርን 10 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ። የሚሠሩበት እጅ በተፈጥሮው ትንሽ ወፈር ሊል ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ልክ ካልተጻፈ በኋላ የሚታየው ልዩነት አዲስ ይሁን የቆየ መለየት ያስቸግራል። በየወሩ እዚያው ቦታ ላይ ይለኩ። ልዩነቱ ከመነሻው በ2 ሳንቲሜትር ከጨመረ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ቀጥሎ ከግድግዳ ጋር የተጠጋ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እጆችዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቆመው እንደሚቀመጡ ይቁጠሩ። የእግር ጉልበት መለኪያ ነው። ከዚያም የዕለቱን ድካም ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር ይጻፉ። 0 ምንም ድካም የለም፤ 10 ከአልጋ መውረድ አይቻልም። ሐኪሞች ስለ ኑሮ ጥራት የሚጠይቁባቸው ረጃጅም መጠይቆች አሉ፤ ለቤት ግን ይህች አንዲት ቁጥር ብዙ ትናገራለች።

3. ከቀዶ ሕክምና በኋላ፦ ትከሻውን ማዳን

ረጅሙ ክፍል ይህ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ የጠፋው በኋላ በብዙ ልፋት ነው የሚመለሰው። ቁስሉ ስለሚያምና ስፌቱ የሚተረተር ስለሚመስል ብዙ ሴቶች ክንዳቸውን ከጎናቸው አጣብቀው፣ ትከሻቸውን ወደ ፊት ሰብረው ይቀመጣሉ። በሳምንታት ውስጥ ትከሻው ይደርቃል። የጨረር ሕክምና የታዘዘለት ሰው ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥመዋል፦ ጨረሩ ሲሰጥ ክንድን ከራስ በላይ አድርጎ ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ያስፈልጋል። ያልተፍታታ ትከሻ እዚያ አልጋ ላይ ያሠቃያል።

*በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የገባው የፈሳሽ ማውጫ ቱቦ እስካለ ድረስ።* ክርንዎን ከትከሻዎ ቁመት በላይ አያንሡ፤ ከባድ ነገርም አይሸከሙ። በዚያ እጅ ግን ይብሉ፣ ፀጉርዎን ያበጥሩ፣ ፊትዎን ይታጠቡ። ቀን ላይ ጋደም ብለው ክንድዎን ከልብዎ ከፍ እንዲል በትራስ ይደግፉት፤ እዚያው ሆነው ጡጫ እየጨበጡ ይክፈቱ፣ ከ15 እስከ 25 ጊዜ። ክርንንም አጥፎ መዘርጋት ይጨመርበት። ይህ ፈሳሹን ወደ ላይ ይገፋል። በየመካከሉ በአፍንጫ በጥልቀት ተንፍሰው በቀስታ ያስወጡ፤ ደረትን ያላቅቃል።

*ቱቦው ከወጣና ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ* የሚከተሉትን በቀን ሁለቴ ይሥሩ፦

በዱላ ማንሣት። ጉልበትዎን አጥፈው በጀርባዎ ይተኙ። መጥረጊያ እንጨት ወይም ማንኛውንም ቀላል ዱላ በሁለት እጅዎ ይያዙ፤ መዳፎች ወደ ጣሪያ ይመልከቱ። ጤነኛው ክንድ እየረዳ ዱላውን ወደ ራስዎ በላይ ይውሰዱት። የመወጠር ስሜት ሲመጣ 5 ሰከንድ ቆይተው ይመልሱ። ከ5 እስከ 7 ጊዜ።

ክርን መክፈት። እዚያው እንደተኙ እጆችዎን ከማጅራትዎ ሥር ያቆላልፉ፤ ክርኖቹ ወደ ጣሪያ ያዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ አልጋው ይልቀቋቸው። መጀመሪያ ላይ የታመመው ወገን ክርን በአየር ላይ ይቀራል። አይጫኑት፤ ክብደቱ ራሱ ያወርደዋል።

ግድግዳ መውጣት። ፊትዎን ወደ ግድግዳ አድርገው ቀረብ ብለው ይቁሙ። ጣቶችዎን ግድግዳው ላይ አሳርፈው በጣት እርምጃ ወደ ላይ ይሂዱ። ወገብ ወደ ኋላ እንዳይለመጥ፣ ትከሻም ወደ ጆሮ እንዳይሰበሰብ፤ ሁለቱም የከፍታ ማጭበርበሪያ ናቸው። የደረሱበት ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉና ቀኑን ይጻፉ። ጤነኛው እጅ የሚደርስበት ላይም አንድ መስመር ያሥምሩ፤ ግቡ እርሱ ነው። ምልክቱ አንዳንድ ቀን ከትናንቱ ዝቅ ይላል፤ የሳምንቱን ከሳምንቱ ማስተያየት ይሻላል።

መወጠር ይፈለጋል፤ የሚወጋ ሕመም አይፈለግም። መለያው ይህ ነው፦ መወጠሩ ክንዱን ሲመልሱ ከለቀቀ ደህና ነው፤ ከሰዓታት በኋላም ከጠዘጠዘ በዝቷል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ይቀንሱ። በእንግሊዝ 392 ሴቶች የተሳተፉበትና በ2021 የታተመ ጥናት፣ ትከሻቸው የመድረቅ ስጋት ያለባቸው ሴቶች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እየተመሩ ሲጀምሩ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ክንዳቸው የተሻለ እንደሚሠራ አሳይቷል። ቶሎ መጀመር ማለት ግን በጉልበት መጀመር ማለት አይደለም።

አንዳንዴ ክንድ ሲዘረጋ ከብብት ወደ ክርን የተወጠረ ገመድ የመሰለ ነገር ከቆዳ ሥር ይታያል። ያስደነግጣል፤ ካንሰሩ ተመልሶ መጥቶ አይደለም። ከንፍፊት መውጣት በኋላ የሚከሰት የታወቀ ነገር ነው። አይደብቁት፤ ባለሙያ በማፍታታት ይረዳል፤ አብዛኛውን ጊዜም በወራት ውስጥ ይለቃል።

ጨረር ሲጀመር እነዚህ ልምምዶች አይቋረጡም፤ ጨረሩ ካለቀም በኋላ ለወራት ይቀጥላሉ፣ ምክንያቱም ጨረር ያገኘው ጡንቻና ቆዳ ዘግይቶም ይጠብቃል። ቆዳው ከቀላና ከተላጠ ግን ሻካራ ልብስ አይልበሱ፤ ዋናም እስኪድን ይቆይ።

4. የእግር ጉዞ

በእግር መሄድ ማስተማር አያስፈልገውም፤ ልኩን ብቻ ልንገርዎ። እየሄዱ ማውራት ቢችሉ፣ መዝፈን ግን ቢያቅትዎ መካከለኛ ኃይል ላይ ነዎት። የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት ቢኖርም በሕክምና ወቅት ብዙ አልመካበትም፤ የደም ማነስም መድኃኒቱም ምቱን ያዛባሉ።

5 ወይም 10 ደቂቃ ብለው ይጀምሩ። ሳይከብድዎት አንድ ሳምንት ካለፈ በየጉዞው ጥቂት ደቂቃ ይጨምሩ። 30 ደቂቃ በአንድ ጊዜ ካልሆነ ሦስት ጊዜ 10 ደቂቃ ያው ነው። ከቤት መውጣት በሚያስጠላበት ቀን ጫማዎን አድርገው 5 ደቂቃ ብቻ ይሂዱ። ከ5 ደቂቃ በኋላም ድካሙ ከባሰ ይመለሱ፤ ያንንም እንደ ሠሩት ይቁጠሩት። ብዙውን ጊዜ ግን ሰው ከጀመረ በኋላ ይቀጥላል።

በ2005 ይፋ የሆነ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት 2,987 የጡት ካንሰር የያዛቸውን ነርሶች ተከታትሎ፣ በሳምንት ከ3 እስከ 5 ሰዓት በእግር የመሄድ ያህል የሚንቀሳቀሱት የመሞት ዕድላቸው ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። ደስ የሚል ነው፤ ነገር ግን በምልከታ የተገኘ ስለሆነ እንቅስቃሴው ብቻውን አደረገው ብሎ መሐላ አይቻልም። ለእኔ በቂው ምክንያት ቅርብ ያለው ነው፦ በሚቀጥለው ወር ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ እንዳያጥርዎት።

5. ኬሞቴራፒ ላይ፦ ሳምንት ሳይሆን ዙር ይቆጠራል

«ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ» የሚል መርሐ ግብር ኬሞቴራፒ ላይ አይሠራም። መድኃኒቱ በየ2 ወይም በየ3 ሳምንቱ ሲሰጥ ሰውነትም በዚያው ዙር ይወድቃል፣ ይነሣል። ሁለት ዙር በደብተርዎ ላይ የድካም ቁጥር ከጻፉ የራስዎን ጉድጓድ ያዩታል። ብዙዎች ከመድኃኒቱ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ክፉኛ ይደክማሉ፤ በእነዚያ ቀናት ክፍል ውስጥ መንጎራደድና ትከሻ ማፍታታት ይበቃል። ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሴል የሚወርድበት ስለሆነ ብርታት ቢኖርም ሰው ከሚበዛበት የስፖርት ቤት መራቅ፣ ብቻን ወይም ከአንድ ሰው ጋር ደጅ መሄድ ይመረጣል። ከሚቀጥለው መድኃኒት በፊት ያሉት ቀናት ደግሞ የጉልበት ቀናት ናቸው፤ ረዘም ያለውን ጉዞና ክብደቱን እዚያ ላይ ያድርጉ።

ደረት ወይም ክንድ ላይ የመድኃኒት መስጫ ቱቦ ከተገጠመልዎት በዚያ ወገን ክንድን በኃይል ማወናጨፍ ይቅር፤ ክንድ ላይ ያለው ቱቦ ከሆነ ዋናም አይፈቀድም። እንደ ፓክሊታክሴል ያሉ መድኃኒቶች ጣትና እግር ሲያደነዝዙ ሚዛን ይስታል። ያን ጊዜ በባዶ እግር አይሂዱ፤ ባልተስተካከለ መንገድ ፈንታ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት፣ ከእጅ በሚያመልጥ ብረት ፈንታ የላስቲክ ገመድ ይጠቀሙ። ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው) ወይም ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) በጣም ዝቅ ካለም የሚፈቀደውን ሐኪም ይወስን።

6. ክብደት፣ በዚያው ክንድ

ለረጅም ጊዜ ለሴቶቹ ይሰጥ የነበረው ማስጠንቀቂያ አንድ ነበር፦ ንፍፊት በወጣበት ወገን ምንም አታንሺ፣ ክንድሽ ያብጣል። ሊምፌዲማ የሚባለው ይህ እብጠት እውነተኛ ችግር ነው፤ ክንድን ከሥራ ማውጣት መፍትሔው መሆኑ ግን ተፈትኖ አልተረጋገጠም ነበር። በ1996 በካናዳዋ ቫንኩቨር የስፖርት ሕክምና ሐኪሙ ዶን ማኬንዚ 24 የጡት ካንሰር ታክመው የዳኑ ሴቶችን አሠልጥኖ ረጅም ጀልባ አስቀዘፈ። መቅዘፍ ደግሞ ከከባድ የክንድ ሥራዎች አንዱ ነው። አዲስ እብጠት አልታየም። በ2009 የታተመው የአሜሪካዊቷ ተመራማሪ የካትሪን ሽሚትስ ጥናት ደግሞ ክንዳቸው አስቀድሞ ያበጠ 141 ሴቶችን ይዞ ነገሩን ለየው፤ በሳምንት ሁለቴ ክብደት ያነሡት እብጠታቸው አልባሰም፤ እንዲያውም የሚነሣባቸው ሕመም ካላነሡት ያነሰ ነበር። የሴቶቹ አሠራር ግን ሥርዓት ነበረው፤ መጀመሪያ ላይ በባለሙያ ተመርተው፣ ከጥቂቱ ጀምረው፣ በጥቂቱ እየጨመሩ።

እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። በሳምንት 2 ቀን፣ በመካከላቸው ቢያንስ አንድ ቀን እየዘለሉ፦ ከወንበር ቁጭ ብድግ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ የላስቲክ ገመድ ወደ ራስ መሳብ፣ ክርን እያጠፉ ማንሣት፣ ተረከዝ ማንሣት። እያንዳንዱ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፤ መጀመሪያ አንድ ዙር፣ ከተለመደ በኋላ ሁለት። ለእጅ ግማሽ ኪሎ ይበቃል፤ ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ ጠርሙስ ማለት ነው። ሲያነሡ አየር ያስወጡ፣ ትንፋሽ አይያዙ። 12ቱ ሁለት ሳምንት ያህል ሳያስቸግር ካለፈ ግማሽ ኪሎ ይጨምሩና ቀጣዮቹን ሁለት ቀናት ክንድዎን ይከታተሉ። አስቀድሞ እብጠት ካለ ለክንድዎ የተለካ የማጥበቂያ እጅጌ አድርገው ይሥሩ።

የሚፈለጉት ምልክቶች ትንንሽ ናቸው፦ ቀለበት መጥበቅ፣ የእጅጌ ጠርዝ ቆዳ ላይ ምልክት መተው፣ ክንድ «ከበደኝ» ማለት። ይህ ሲታይ ክብደቱን አቁመው በዚያው ሳምንት ይታዩ። ክንዱ ቀልቶ ከሞቀ፣ ትኩሳትም ከመጣ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

7. የሆርሞን ክኒን የሚወስዱ

ሌትሮዞል፣ አናስትሮዞልና ኤግዜሜስቴን ሁለት ነገር ያመጣሉ፦ የመገጣጠሚያ ሕመምና የአጥንት መሳሳት። ብዙ ሴቶች ክኒኑን የሚያቋርጡት ጠዋት ጠዋት ጣታቸውና ጉልበታቸው አልታዘዝ እያላቸው ነው። ከማቋረጥ በፊት ለሐኪም መናገር፣ ጎን ለጎንም እንቅስቃሴውን መሞከር ይገባል፤ ጉዞና ክብደትን ያጣመረ ልምምድ ይህን ሕመም እንደሚያስታግስ በጥናት ታይቷል። ለአጥንቱ የሚጠቅመው የራስን ክብደት የሚያሸክመው ነው፤ መራመድ፣ ደረጃ መውጣት፣ ቁጭ ብድግ።

8. ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል ከሄደ

«አሁን ምን ይጠቅመኛል» የሚሉ አሉ። በ2024 የታተመ የአውሮፓና የአውስትራሊያ ጥናት ጡት ላይ ጀምሮ ወደ ሌላ አካል የተሠራጨ ካንሰር ያለባቸውን 357 ሕሙማን ይዞ፣ በሳምንት ሁለቴ ለ9 ወር በባለሙያ እየተመሩ የሠሩት ድካማቸው ቀንሶ፣ የኑሮ ጥራታቸው ተሻሽሎ አግኝቷቸዋል። አጥንት ላይ ከደረሰ ግን ብቻዎን አይጀምሩ። የቱ አጥንት እንደተነካ የሚያውቅ ባለሙያ ልምምዱን ይምረጥ፤ መዝለል፣ ወገብን አጎንብሶ መጠምዘዝና ከባድ ሸክም ይቅሩ። አዲስ የአጥንት ሕመም፣ በተለይ ሌሊት የሚብስ፣ ወይም የእግር መዛል ከመጣ ያው ቀን ይመርመሩ።

9. ሲቋረጥ

መቋረጡ አይቀርም። ጥቂት ቀን ብቻ ከሆነ ካቆሙበት ይቀጥሉ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከሆነ ጉዞውን ወደ ግማሽ፣ ክብደቱንም ወደ ግማሽ አውርደው ይጀምሩ፤ ተኝቶ የቆየ ክንድ በአንድ ቀን እንደ ድሮው ሲያነሣ ነው የሚያብጠው። በየ4 ሳምንቱ የ30 ሰከንዱን ቁጭ ብድግ ይድገሙ፣ ክንድዎን ይለኩ። በቀጠሮዎ ቀን ደብተሩን ይዘው ይግቡና የድካሙ ቁጥር ከ7 በላይ የወጣባቸውን ቀናት ለሐኪሙ ያሳዩ፤ ደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ የእንቅልፍ እጦት ወይም ድባቴ ከሆነ ምክንያቱ፣ እንቅስቃሴ ብቻውን አያስለቅቀውም፣ መታከም አለበት።